ሥራ የፈታ እጅ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ ረፋድ

ሦስተኛው የደ/ታቦር ሚኒባስ ወጣ። ታርጋ መጻፍ፣ የመውጫ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ከረዳት ጋር መጨቃጨቅ። የወረታ መናኸሪያ አቧራ ጉሮሮዬ ውስጥ ነው። በመስኮቱ በኩል ከብት የጫነ አይሱዙ አለፈ። ከኋላ የቆመችው ጊደር በአንድ እግሯ አትረግጥም። ሰኮናዋን አሟት ይሆን? መኪናው ወደ ጎንደር አቀና፤ ዓይኔም አብሮ ሄደ።

ከባሕር ዳር የመጣች አጥኚ ስምሪት ክፍላችን ገብታ ነበር። የሠራተኛው ችሎታና ሥራው የሚፈልገው ችሎታ ይገጥም እንደሆነ ነው የምትለካው። ምን እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። የእንስሳት ሕክምና አልኳት። ታዲያ ይኼ ሥራ ከችሎታሽ በላይ ነው፣ እኩል ነው ወይስ በታች? በታች! ሳላስብ። እንዲያውም ኮራሁ።

ከሄደች በኋላ እስክሪብቶ አነሣሁ። ስሚኝ ማስታወሻዬ፣ ከተመረቅኩ ወዲህ ጓንት አጥልቄ አላውቅም። ናፈቀኝ። የበረት ሽታ ሳይቀር።

ጥቅምት 16፣ እሑድ ከሰዓት

አባቴ ጠዋት ደወሉ። ላማችን ወለላ ምጥ ይዟታል፤ ጥጃው አልወጣ ብሏል። በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በሩዝ ማሳው መሐል ሮጥኩ። ይፈረድብኝ፣ እየሮጥኩ ደስ ብሎኝ ነበር።

የጥጃው የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። የሚደረገውን አውቃለሁ፤ ጥጃውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ቦታ መስጠት፣ ሰኮናውን በመዳፍ ሸፍኖ እግሩን ማቅናት። ጭንቅላቴ ያውቃል። እጄ አላወቀም። ክንዴ ዛለ። እግሩ አመለጠኝ። እንደገና። እንደገና። ሲወጣ ሞቶ ነበር።

ወለላ ተርፋለች። በድኑን ትልሰዋለች። ማየት አቃተኝ።

አባቴ አልተቆጡም። "አይዞሽ፣ እናቲቱን አትርፈሻል" አሉኝ። ጎረቤታችን ግን በር ላይ ነገረኝ፤ ከክሊኒክ ሰው ይጠራ ቢላቸው "ሐኪሟ ልጄ እያለች ለምን ሰው አስቸግራለሁ?" ብለውት ኖሯል። ምነው ባልሰማሁ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

አጥኚዋ ደወለች። የቀረ ጥያቄ አላት። በተማርሽው ሙያ ሥራ ቢገኝ ዛሬ መሥራት ትችያለሽ? አልችልም አልኳት። ባለፈው ግን እንዲህ አላልሽም፣ አለች። ባለፈውማ አላወቅኩም ነበር። ቅጹን ምን ብላ እንደሞላችው እንጃ።

ሥራው ብቻ የናፈቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ያቺም ልጅ ናፍቃኛለች፤ ጆሮዋን የላም ሆድ ላይ ለጥፋ ለብቻዋ የምትስቀው ተማሪ። የት ጣልኳት?

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ከብት ክሊኒክ ሄድኩ። አቶ መኳንንት፣ እዚያ የሚያክሙት፣ የአባቴ እኩያ ናቸው። የወለላን ነገር አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገብዎ ልቁም፣ ክፍያ አልፈልግም አልኩ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ከብቱ ይበዛል።

"ትደክሚያለሽ።"

"ልድከም።"

ሳቁ። በጠዋት ነይ አሉኝ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ፣ 11 ሰዓት

ለስምሪት ኃላፊው ቅዳሜ እንደማልገባ ነገርኩት። ከደመወዝሽ ይቆረጣል አለ። ይቆረጥ። ለምን ብለሽ? ልማር።

"ተምረሽ የለም እንዴ?" ሳቀብኝ።

ረስቼዋለሁ አልኩት።

ልውጣ። ሱቅ ሳይዘጋ ቦት ጫማ ልግዛ።