አባባ ዝም ያሉበት ቦታ

ይድረስ ለወንድምጋሼ ሚሳኤል፣ ሮተርዳም፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ፣ ሥራህስ? ያ እግርህን የሚጠዘጥዝህ ብርድስ ለቀቀህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአባባ ጉሮሮ በቀር ደህና ነን። እኔ ግን ቁጭ ማለት አቅቶኛል፤ ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።

ሐኪሙ የአባባን እባጭ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በቀዶ ጥገና እናወጣዋለን፣ ድምፃቸው ግን እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል አለን። ለመሪጌታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ። እማዬ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ያንን የላክልኝን፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካውን አሮጌ ኮምፒዩተር አቧራውን አራግፌ ዜማቸውን ልቀዳበት ተነሳሁ። ካሴት አይበቃም ወይ አትበለኝ፤ የድሮዎቹን ቴፑ እንዴት እንደበላቸው አልረሳህም።

የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ጠባብ ነው፤ ወዲያው ይሞላል። "ይበቃል" ስላቸው አባባ ተቆጡ። "ዜማ እንደ ቋንጣ አይዘለዘልም!" አሉኝ፣ ያውም በጾም። ድምፁን በቀጥታ ወደ ዲስኩ ልጻፈው ብል ዲስኩ እየዘገየ ዜማው ይቆራረጣል። ስበሳጭ ሰንብቼ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለ ነው የገባኝ። የመዘምራኑ ቀኝ ወገን ሲመራ ግራው ትንፋሹን ሰብስቦ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀበላል፤ ዜማው አይቋረጥም። ቅዳሴው እስኪያልቅ እንዴት ጨነቀኝ! ሜሞሪውን ለሁለት ከፈልኩት፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው የያዘውን ወደ ዲስክ ይገለብጣል። ሲያሰማም፣ አንዱ ሲያዜም ሌላው ተከታዩን ከዲስክ ያመጣል። ሠራ!

አባባ ጾመ ድጓውን ሳላቋርጣቸው አዜሙ። ሳዳምጠው ግን መካከሉ ላይ ዝም ይላል፤ ይቀጥላል፤ ደግሞ ዝም ይላል። አበላሸሁት ብዬ ፕሮግራሙን ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። እንከን አጣሁበት። በመጨረሻ ጆሮዬን ብደቅን በዝምታው ውስጥ መቋሚያቸው ወለሉን ቀስ እያለ ይመታል።

ለምን ዝም እንዳሉ ብጠይቃቸው "ታዲያ ግራው ሳይቀበል ልቀጥል?" አሉኝ። እቤታችን ውስጥ ግራው ማን እንደነበር አንተ ታውቃለህ። እኔ ወጥቼ አለቀስኩ።

ወንድምጋሼ፣ ፈቃድ ካገኘህ ሳይታከሙ ድረስላቸው። ካልሆነልህ በካሴት አዚመህ ላክልኝ፤ ዝምታው ላይ እገጥመዋለሁ። ቦታውን አልቆረጥኩትም። ይህ ደብዳቤ መንገድ ላይ እንዳይዘገይ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ።

እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች። ታናሻችን ሲና ቁመቷ እኔን ደርሷል፣ በጣም ናፍቃሃለች። ጎረቤታችን ጋሽ ነገሪ ያ ጩኸታም ልጅ አገባ ወይ ይሉሃል። አባባን ምን ልበልልዎ ብላቸው ሰላምታ እንኳ አልጨመሩም፤ "እኔ መርቻለሁ፤ እሱ ይቀበል" በይልኝ ብለዋል።

እህትህ ሄርሜላ
መካኒሳ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፲ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.