የስቱኮው ጠርዝ

ታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ምላስህስ እንዴት ከረመ? እኔ ስሜን ብታጠፋውም ደህና ነኝ። ታላቄ ነህ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ግን አንተ ስልህ ቻለው።

ጓደኛህ፣ ያ አለቃዬ፣ እህትህ የአውሮፕላን ክንፍ ቧጥጣ ሙከራውን አበላሸች ብሎ ሲጽፍልህ፣ እውነት ነው ወይ ብለህ አንዲት መስመር አልጻፍክልኝም። ቀጥ ብለህ እናታችን ዘንድ ሄደህ አሳፈረችን አልካት። እሷም ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ነፍጋኛለች። ሥጋህን ትተህ ባዳ አመንክ።

የሆነውን ስማ። ሥራዬ፣ ትልቅ ማራገቢያ ነፋስ በሚለቅበት ረጅም ክፍል ውስጥ የሚሞከረውን የአውሮፕላን ክንፍ ማለስለስ ነው። ነፋሱ ልስልስ ገጽ ሲያገኝ ድርብ በድርብ ሆኖ ጸጥ ብሎ ያልፋል። ፀጉር የምታህል እብጠት ከነካችው ግን መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ ተደበላልቆ ይታወካል። ያን ቀን ከሚጠበቀው ቦታ እጅግ ቀድሞ ታወከ። ጓደኛህ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፤ ከሥራ ታገድኩ።

ሆድ ይፍጀው ልል ነበር። ግን እጄን አውቀዋለሁ። በሦስተኛው ቀን የሁላችን የበላይ የሆነችው መሐንዲስ ቢሮ ገብቼ፣ ሙከራው ሁሉም ሰው ባለበት ይደገምልኝ አልኳት። ክንፉን ቀለም ያለው ዘይት ቀብተን ነፋሱ ተለቀቀ። እኔ ባለሰለስኩት ላይ ዘይቱ ቀጥ ብሎ ተሰመረ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን እንደ ሽብልቅ እየሰፋ ተጠረገ። መሐንዲሷ ከክንፉ ጋር በቀጭን ቱቦ የተያያዘ የሐኪም ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰካች፤ ለእኔም ሰጠችኝ። ልስልሱ ቦታ ዝም ይላል፤ የታወከው እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣል።

የሽብልቁ ጫፍ የት አረፈ መሰለህ? ጓደኛህ ራሱ ስንጥቅ በደፈነበት፣ ብርጭቆ ወረቀት ባልነካው ስቱኮ ጠርዝ ላይ! ማን ነው የደፈነው ስትለው፣ እኔ ነኝ ብሎ አመነ። እኔን ይቅርታ ጠይቃ ወደ ሥራዬ መለሰችኝ፤ እሱን ዕቃ ግምጃ ቤት ወረወረችው።

ያንተን ይቅርታ አልፈልግም። እናታችን ፊት ተቀመጥና በልጅሽ ላይ ዋሸሁ በላት። እስከዚያ ደብዳቤህን ሳልከፍት እመልሳለሁ።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ መጀመሪያ እህትህን ጠይቃት ያለችህ እሷ ብቻ መሆኗን ሰምቻለሁ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ እነሱ ምን አጠፉ። ታናሿ እህታችን ትምህርቷን ትበርታ። የእናቴን ጉልበት ግን እንዳትስምልኝ፤ ራሴ መጥቼ እስመዋለሁ። ላንተ ሰላምታ የለኝም።

እህትህ
ከክንፍ ማለስለሻው ክፍል፣ ጥር ፲፱ ቀን