ዝግ በር ስንት ሰው ነው?

መስከረም 14፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬ ደግሞ አሥራ ሰባት ዝግ በር። እግሬ አልቋል። ፎርሙ ላይ መጻፍ የማልችለውን አንተ ላይ ልጻፈው፣ ደብተሬ።

የቀበሌው የነዋሪ ቆጠራ፣ ሁለተኛ ቀን። ከት/ቤታችን ሦስት መምህራን ተመርጠናል፤ ይህ መመረጥ ከተባለ። የደረሰኝ የራሴው ሰፈር ነው፤ የአርባ ምንጩ ሲቀላ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ሸማኔዎቹ ዘንድ። አንኳኳለሁ። ዝም። በጓሮ እዞራለሁ። የሸማ ዕቃው ጉድጓድ ላይ ሳጠራ ተከድኗል። ሁሉም ለመስቀል፣ ለማስቃላችን፣ ደጋ ወጥቷል። እዚህ ያለ የጋሞ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚሸምነው ለመስቀል አገሩ ሊገባ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሳይጠግብ አይመለስም። ይህን የሲቀላ ሕፃን ያውቀዋል። የቆጠራውን ቀን የቆረጠው ሰው ግን አያውቅም!

የሚያናድደኝ ምን መሰለህ፣ ቆጠራው ለቦኖ ነው። አንድ የቦኖ ውሃ ሊተከል ነው፤ ሰው ለበዛበት ሰፈር። ወይ ለእኛ፣ ወይ ላይ ለሴቻ። ሴቻ ቧንቧ በግቢው ያለው ብዙ ነው። እኛ ኩልፎ እንቀዳለን። ሲዘንብ ጭቃ ነው የምንጠጣው። ባለፈው ክረምት ከክፍሌ ሁለት ልጆች በተቅማጥ ቀብሬያለሁ። ወንበራቸው ላይ ሌላ ልጅ ማስቀመጥ እስካሁን አልቻልኩም።

መስከረም 15፣ ረቡዕ

ተቆጣጣሪው መጡ። አቶ ሙሉጌታ፣ ከክፍለ ሀገሩ ጽ/ቤት። የሰሜን ሰው፣ ጨዋ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ። ሰዉ ደጋ ነው፣ ሁለት ሳምንት እንጠብቅ አልኳቸው። ሳቁ። መስቀልማ አንድ ቀን ነው አሉ፤ ደመራው ይለኮሳል፣ በማግስቱ ሰው ሥራው ላይ ነው። በእሳቸው አገር እንደዚያ ይሆናል። ነገሩን ባስረዳም መመሪያውን አነበቡልኝ፦ ሦስት ጊዜ ተንኳኩቶ ያልተከፈተ ቤት፣ «ሰው የለበትም»።

ሦስቴ አንኳኳሁ። የአቶ ሻንካ ቤት፣ ስምንት ነፍስ የሚያድርበት፦ ሰው የለበትም። የወ/ሮ ባሎቴ፣ ከሦስት ጎረምሶቿ ጋር፦ ሰው የለበትም። የሴቻ የቢሮ ሰዎች ደግሞ ደመራቸውን እዚያው እየጠበቁ ሁሉም ቤታቸው ናቸው። እነሱን መቁጠር ምን ያቅታል?

መስከረም 18፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

የቀረኝ የራሴ ቤት ብቻ። በዚህ ቆጠራ ምክንያት እኛም ደጋ አገራችን፣ ገረሴ፣ አልወጣንም፤ እማ አኩርፋለች።

ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። እኔ። እማ። ወንድሜ ታደለ... እርሳሱ ቆመ። ታደለ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የብሔራዊ ውትድርና ስም ከየት ተለቅሞ እንደሚወጣ ማን ያጣዋል? ከቀበሌ መዝገብ ነው።

2 ብዬ ጻፍኩ።

ታደለ ማዶ ተቀምጦ የተቀቀለ በቆሎ እየጋጠ ያየኛል። እኔ ከሌለሁ ይህን በቆሎ ማን እየበላው ነው ብሎ ቀለደ። እማ አልሳቀችም። እኔም።

መስከረም 28፣ ማክሰኞ

ሰፈሩ ተመለሰ። የሸማ ዕቃው ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ። አቶ ሻንካ የደጋ ቂቤ በቅጠል ጠቅልሎ አመጣልን። እሱ የከረመበት ገረሴም በዚያው ሳምንት ቆጠራ ነበርና፣ እዚያ ተጽፈህ ይሆን አልኩት። ተሰልፎ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መልሶታል፤ አንተ የአርባ ምንጭ ሰው ነህ፣ እዚያ ይጻፉህ ብሎ። እዚህ ደግሞ እኔ ሰው የለበትም ብያለሁ። ስምንት ነፍስ የትም የለም! ሌሎቹንም ጠየቅኩ። ያው ነው።

መስከረም 30፣ ሐሙስ

አንሰናል ተባለ። ቦኖው ለሴቻ።

ቀበሌ ሄጄ ጮህኩ። በሥራዬ ጮኼ አላውቅም። አቶ ሙሉጌታም እዚያው ነበሩ። እስክጨርስ ሰሙኝ፤ እውነት ለመናገር አፈሩ። አንድ ቀን ተፈቀደልኝ፦ ቅዳሜ፣ ሰዉ ቤተሰቡን ይዞ ቀበሌ ይምጣ፣ በስም፣ በዕድሜ፣ በጾታ ይጻፍ። ሰኞ 3 ሰዓት ፎርሙን ይወስዳሉ። ደስታዬን አትጠይቀኝ። እየሮጥኩ ቤት ለቤት ነገርኩ።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

መጡ። ሽማግሌ፣ እናት፣ ሕፃን፣ ሴት ልጅ። ጎረምሳ የሚባል አንድ የለም። ሰፈሩ ወንድ ወልዶ የማያውቅ ይመስላል። ደመርኩት። አሁንም ከሴቻ እናንሳለን፤ የጎደሉት እነሱ ናቸው።

ወ/ሮ ባሎቴ ብቻዋን ቀርባ አንድ ነኝ አለች። ደሜ ፈላ። ልጆችሽስ፣ ውሃው ለማን መሰለሽ ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባት። ቀና ብላ አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፦

«መምህርት፣ ታደለን ጽፈሻል?»

እንስራዋን አዝላ ወደ ኩልፎ ወረደች።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

የተናደድኩት በማን ላይ ነው? በአቶ ሙሉጌታ? በገረሴው ሊቀ መንበር? በባሎቴ? ሁሉንም ዘረዘርኩ። ራሴን መጨረሻ ላይ አገኘሁት።

ለታደለ ነገርኩት። ጻፊኝ አለ። ስም በተለቀመ ቁጥር ጫኖ ወርጄ አጎታችን የሙዝ እርሻ ውስጥ መደበቅ ሰልችቶኛል አለ። እርሳሱን አነሳሁ። እማ ከእጄ ወሰደችውና በጉያዋ ከተተችው።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ወሰንኩ። አልጽፈውም። የእኔን ካልጻፍኩ የባሎቴን ጻፊ የማለት አፍ የለኝም። 3 ሰዓት ላይ ያነሰውን ቁጥር ፈርሜ ለአቶ ሙሉጌታ እሰጣለሁ። በውሸት መፈረሜን እያወቅኩ። ውሃው ሴቻ ይቀራል። እነዚያ ሁለት ወንበሮችም አሉ፤ እነሱን ምን እንደምላቸው አላውቅም።

አሁን እንስራዬን ይዤ ልውረድ። ከባሎቴ ጋር ኩልፎ ዳር መገናኘታችን አይቀርም፤ ይቅርታ እላታለሁ። ከ3 ሰዓት በፊት ሁለት ጊዜ መመላለስ አለብኝ። አንድ እንስራ ለሦስት ሰው አይበቃም።