ነፍሰ ገዳይ እንድሆን በሙሉ ድምፅ ስለ መረጣችሁኝ

ለክቡር አቶ ሀይለመለኮት
የከተማችን የባህል ሳምንት የቴአትር አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከመላ ቤተሰብዎ ጋር በፍጹም ጤና እንዲያገኝዎ፣ ያ የሚያስቸግርዎት ወገብዎም ተሽሎዎት በምቾት ተቀምጠው እንዲያነቡት ከልብ እመኛለሁ። እኔ የታሪክ መምህሩና የዘንድሮው ቴአትር ደራሲ ክንዴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከነፍሰ ገዳይነቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በፖስታ ማሸግ ከንቱ ድካም ስለሆነብኝ ነው።

ጣጣውን ያመጣሁት እኔው ራሴ መሆኔን አልክድም። በንጉሡ ዘመን አንድ ባላምባራስ በገዛ ግብራቸው ላይ መርዝ የገባበት ጠጅ ጠጥተው የሚወድቁበትን ቴአትር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገዳዩ ሲጠፋ አንድ ፊታውራሪ መጥተው የአገሩን ሰው በሙሉ አውጫጭኝ ያስቀምጣሉ፤ እንደ ድሮው ሥርዓት ገዳዩ እስኪጠቆም ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ በመጨረሻም ጥፋተኛው ጠጅ አሳላፊው ሆኖ ይገኛል። ፊታውራሪውን የጻፍኳቸው በራሴ ቁመትና በራሴ ድምፅ ልክ ነበር። የቴአትሩ ንግግር ግማሹ የእሳቸው መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ካባቸውንም በሬን ቆልፌ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ደጋግሜ ለብሼዋለሁ።

ቅሬታዬን በቁጥር ማቅረቤ፣ ቁጥር ያለው ነገር በኮሚቴዎ ዘንድ ቶሎ እንደሚታይ ስለማውቅ ነው።

፩ኛ) ተዋንያን በተመረጡበት ቅዳሜ ኮሚቴዎ ለፊታውራሪነት የሚበቃ ሰው አፈላልጎ አፈላልጎ እርስዎን አገኘ። ምርጫውን የመሩትም እርስዎ በመሆንዎ ሥራው እንዴት እንደ ቀለጠፈ ሳስበው ምስጋናዬ ወሰን ያጣል። ካባው በእኔ ቁመት የተሰፋ ስለሆነ እርስዎ ሲለብሱት መሬት ይጠርጋል፤ አዳራሹን በነጻ ስለሚያጸዳልን ግን ቅር አላለኝም።

፪ኛ) ለነፍሰ ገዳይነት ሰው ጠፋ። ሟቹን ባላምባራስ ለመሆን እንኳ ባለ ልኳንዳው ደምለው፣ ቶሎ ሞቶ ቶሎ ወደ ሥራው ለመመለስ ሲል በደስታ ፈቅዶ ነበር። ጠጅ አሳላፊውን የሚሆን ግን አልተገኘም። ባለ ባጃጁ ዘመነ ከዚያ ወዲያ ማን ይሳፈርልኛል ብሎ እምቢ አለ። መድኃኒት ቤት ያላት እድላዊትም መርዝ ስትቀላቅል በሕዝብ ፊት ከታየች ቤቱን ዘግታ ቁይ ከተማ ወላጆቿ ዘንድ ከመግባት ሌላ ዕጣ እንደሌላት በትሕትና አስረዳች። ብርሌዎቹን ያዋሱን ባለ ጠጅ ቤቷ እትዬ የብርጓል ደግሞ ጭራሽ መርዙ ከጠጁ ወጥቶ ወጡ ውስጥ እንዲገባላቸው ደራሲውን ለመኑ።

ክቡርነትዎ ያን ታላቅ ሐሳብ ያፈለቁት፣ ካባውን ገና ሳያወልቁ፣ በዚያች ሰዓት ነው። ቴአትሩ ውስጥ አውጫጭኝ ካለ እኛስ ለምን አንቀመጥም አሉ። በሩ ተቆለፈ፤ ገዳይ የሚሆነው ሰው እስኪጠቆም ድረስ ምሳ የሚባል ነገር እንደሌለ ታወጀ፤ ሁሉም በየተራው እየተነሣ ምሎ ገዳዩን በስሙ እንዲጠራ ታዘዘ። ደምለው ክንዴ ነው አለ። ዘመነም ክንዴ ነው አለ። እድላዊት ፊቴን ረጋ ብላ ካጠናች በኋላ፣ ክንዴ ነው፣ በተለይ ሲስቅ አለች። እትዬ የብርጓል፣ ጠጅ ከመጠጣቴ በፊት ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥቼ የማየው ነገር ድሮውንም እንደማያምራቸው መሰከሩ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ የሰዉን አንድ ቃል መሆንና የሆዴን መጮህ አመዛዝኜ፣ ተነሥቼ እኔ ነኝ አልኩ። በመድረክ ሕይወቴ እንደዚያ ሞቅ ተደርጎ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

፫ኛ) እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። ፀጉሬ ከፊት መሸሽ እስኪጀምር ሳላገባ የቆየሁ ሰው ነኝ። ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብዬ፣ አብራኝ የምታስተምረውን ያለምዘውድን ለመጠየቅ አማኑኤል ከተማ ወዳሉት አባቷ ወደ አቶ ይሄይስ ሽማግሌ ልኬ ነበር። እሳቸውም እንደ ወጉ፣ ጠባዩን እስክናጣራ ጠብቁን ብለው ቀጠሩ። እንዲያጣሩ የላኳቸው ታላቅ ወንድማቸው አቶ ኪዳነ ማርያም ደብረ ማርቆስ የገቡት ያንኑ ቅዳሜ ነው። ክንዴ የት ይገኛል ብለው ሲጠይቁ አዳራሽ ነው ተባሉ፤ ስብሰባ መስሏቸው ከኋላ ተቀመጡ፤ በሩም አብሮ ተቆለፈባቸው። ስለ ቴአትር የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ገዳዩ ክንዴ ነው ብሎ ሲምል፣ እኔም አምኜ ስነሣ፣ ሕዝቡም ሲያጨበጭብልኝ አዩ። ተራቸው ሲደርስ፣ ሰውየውን አላውቀውም፤ ጠባዩን ላጣራ ነበር የመጣሁት፤ አሁን ግን ተጣርቶልኛልና በሩን ክፈቱልኝ አሉ።

በማግስቱ ከአማኑኤል ለሽማግሌዎቼ መልስ መጣ፤ ደም ካለበት ሰው ጋር አንጋባም የሚል።

በእርግጥ ክቡርነትዎ ጭንቀቴን ተረድተው ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ስለ ጻፉልኝ እጅ እነሣለሁ። ግለሰቡ ነፍሰ ገዳይ የሆኑት ለመድረክ ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ የገደሉት ሰው ስለ መኖሩ ኮሚቴው ለጊዜው መረጃ የለውም ይላል። አቶ ይሄይስ ለጊዜው የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ አሉ።

ያለምዘውድን እወዳታለሁ። ነገሩን መጀመሪያ ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ስቃ ነበር፤ አሁን ግን አትስቅም። ከአባቷ ጋር ተሟግታ ያገኘችው ፍርድ፣ እሳቸው በመክፈቻው ቀን መጥተው ሁሉን በዓይናቸው ካዩ በኋላ የመጨረሻ ቃላቸውን እንዲሰጡ ነው። እንግዲህ አሳምሬ ከተጫወትኩ አማቼ ፊት በገዛ እጄ ሰው እመርዛለሁ፤ ካበላሸሁት ደግሞ እችለዋለሁ ብዬ የምመካበትን ብቸኛ ሥራ የማልችል ሆኜ እታያለሁ። ቦታዬ እንዲለወጥልኝ ያቀረብኩትን ልመና ኮሚቴዎ፣ አውጫጭኝ የቆረጠውን እኛ አንቀጥልም ብሎ በአክብሮት መልሶልኛል። እኔም በአክብሮት ተቀብያለሁ።

ካባው በመውጫም በመግቢያም እንዳያደናቅፍዎ እየጸለይኩ፣
በሙሉ ድምፅ የተመረጥኩት፣ በገዛ አፌ ያመንኩት፣ እስካሁን ማንንም ያልገደልኩት
ታዛዥዎ ክንዴ ምንይችል

ማሳሰቢያ፦ ተዋናይ መምረጥ የኮሚቴው ሥልጣን ነው፤ መጻፍ ግን የእኔ እንደሆነ ቀርቷል። ስለዚህ የመጨረሻውን ገቢር በትንሹ አሻሽዬዋለሁ። ጠጅ አሳላፊው ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ መርዙን የጨመሩት አውጫጭኙን ያስቀመጡት ፊታውራሪ ናቸው፤ ብልቃጡም በሕዝብ ፊት ከካባቸው ሥር ይወድቃል። እርስዎ ገና የመጀመሪያውን ገቢር ስላላጠኑ ለውጡ ብዙ እንደማያደክምዎት አምናለሁ። ከፊተኛው ወንበር ለአቶ ይሄይስ ቦታ ተይዞላቸዋል፤ ለእርስዎ አማቶችም አጠገባቸው አስይዣለሁ። የቀረኝ ስጋት፣ ንጹሕነቴ ሲታወጅ በዚህ ፊቴ የሚያምነኝ ሰው መገኘት አለመገኘቱ ነው። ያለምዘውድ እንደምታምነኝ ነግራኛለች፤ ብቻ በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ እንዳልስቅ አደራ ብላኛለች።