ልጁን ያባረረው አባት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ከቢሮ በጊዜ ገባሁ። ዝናብ። የባቄላ ሾርባ፣ ብቻዬን። ኤርሲሊያ አሁንም ገበያ መሃል ሲኒማ ታነሳለች... እዚህ ናፖሊ ውስጥ ሴት ሆና ይህን የምትሠራ የኔዋ ልጅ ብቻ!
የሚያስጨንቁኝ፦
1. ሳሏ።
2. ካሜራ ይዛ ጣሪያ ላይ መውጣቷ። ዓሣ ሻጯ ናት የነገረችኝ።
3. ከሩቁ ቶሪኖ ከተማ የመጣው ደብዳቤ። ትልቅ ኩባንያ ነው። "መጥተሽ ፊልም አዘጋጂልን፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንጠብቃለን" ይላል። የመጣው በሷ ስም ነው። እኔ ከፈትኩት። አሁን ካልሲ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።
እሷ ከሄደች እዚህ ቤት ማን ይቀራል?
ነገ እሰጣታለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8
አልሰጠኋትም።

እሁድ፣ ኦክቶበር 12
ጉድ! በኤርሲሊያ አዲሱ ፊልም ክፉውን አባት ሊጫወት የነበረው ሰውዬ ጠፋ። ባለፈው ፊልም ነፍሰ ገዳይ ስለነበረ ገበያተኛው በድንች ደብድቦታል።
"አባዬ፣ አንተ ግባልኝ። ሪዝህ ብቻውን ያስፈራል።"
"እኔ የውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ!"
ገባሁ። ሥራዬ ተዋናይዋን ከቤት ማባረር ነው። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ኮቷን ትከሻዋ ላይ ደረብኩላት።
"ኮቷን እያለበስካት እኮ ነው! ሲኒማ ልሠራ ነው ያልኩህ ቀን እንዴት ነበር የሆንከው? እንደሱ ሁንልኝ።"
ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን... እንደሱ ሆንኩ። በሩን ስዘጋው የግድግዳው ኖራ ረገፈ።
"ይሄ ነው!" አለች። እንዴት ደስ ይላታል?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8
ፊልሙ ታየ። ፊልሙ ድምፅ የለውምና የተቀጠረው ዘፋኝ ከሸራው አጠገብ ቆሞ እየዘፈነ ያለቅሳል፣ ሸራው ላይ እኔ... ያ ፊት የኔ ነው? አዳራሹ ጮኸ። "አንተ አረመኔ! የወለድካትን!" ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ፦ "ያን ሪዝ ባገኘው በወረንጦ አንድ በአንድ ነበር የምነቅለው!" ባርኔጣዬን ዝቅ አደረግኩ።
የወሩ መጨረሻ ካለፈ ስምንት ቀን።

እሁድ፣ ኖቬምበር 9
ሰጠኋት። እንደቆመች አነበበችው።
"ቀኑ አልፏል እኮ አባዬ።"
"አውቃለሁ።"
"ምናልባት አልሄድም ነበር። ግን አልሄድም የምለው እኔ ነበርኩ።"


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18
ሄደች። ቦታው ይኑር አይኑር ሳታውቅ። "በራቸው ላይ ቆሜ እጠይቃቸዋለሁ" ብላ።
ጣቢያ ላይ ይቅር በይኝ አልኳት።
"ንዴቴ ገና አልወጣልኝም። ሲወጣልኝ እጽፍልሃለሁ።"
ስመለስ ዳቦ ሻጩ ፊቱን አጠቆረብኝ። "ልጁን ያባረረው መጣ!"
"ልጄ ቶሪኖ ሄዳለች። የፊልም አዘጋጅ ናት!" አልኩት። ወረፋው ሁሉ እስኪሰማ።
አላመነኝም። የትናንቱን ዳቦ ሸጠልኝ።