ከለቅሶ ቤት ሬድዮ ድንጋይ ያስወጡ የነበሩት አቶ ሞቱማ ዱጋሳ

አቶ ሞቱማ ዱጋሳ ከአባታቸው ከኦቦ ዱጋሳ ቱፋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጉዴ ባይሳ በመስከረም 1925 ዓ.ም. በጎጆ ከተማ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት እዚያው ነው። በ1935 ዓ.ም. ወደ አምቦ መጥተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ሄደው የሬድዮ ጥገና ሙያ ቀስመው ተመለሱ። በ1950 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሮማነወርቅ ነጋሳ ጋር ተጋብተው ኢትዮጵያንና አመዩን ወለዱ። በተጋቡበት ዓመት ገበያው አጠገብ የሬድዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈቱ። እጃቸው ወርቅ ነበር፤ ቁጣቸው ግን አይጣል ነው! ሬድዮውን ምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ስድባቸውን ሳይቀምስ ከሱቃቸው አይወጣም ነበር።

በ1956 ዓ.ም. ወይዘሮ ጌጤነሽ የባላቸውን ሙት ዓመት አውጥተው፣ በሐዘኑ ምክንያት ተዘግቶ የከረመውን የሟቹን ሬድዮ ቢከፍቱት ዝም አለ። አቶ ሞቱማ ፈቱት። ውስጡ የተረሳው የባትሪ ድንጋይ ፈስሶ፣ በሰሌዳው ላይ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል። ጠረጉት፣ በየዱት፣ አልሆነም። ሬድዮውን ሲመልሱላቸው ወይዘሮዋ "እሱም ተከተለው" ብለው አለቀሱ። አቶ ሞቱማም ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲያ ሰው በሞተበት ቤት ሁሉ እየተገኙ፣ እግዜር ያጥናችሁ ካሉ በኋላ ድንጋዩን ከሬድዮው አውጡ ማለት ያዙ። ጉድ ፈላ! ለቅሶ ቤት ገብቶ ድንጋይ ለቃሚ ተባሉ፤ ስማቸው ጠፋ፣ ደንበኛም ሸሻቸው። በመጨረሻም እድርተኛው ከእድር ሊያስወጣቸው ተሰበሰበ። ያኔ ወይዘሮ ጌጤነሽ ብድግ ብለው፣ "በኔ ሐዘን ጊዜ እንዲህ የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ የባሌ ሬድዮ ዛሬ ይናገር ነበር። እናንተ የሚነግራችሁን ሰው ልታባርሩ ነው?" አሉ። ተሰብሳቢው አፈረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእድራችን ድንኳን የሚተክል ሲመደብ፣ የሬድዮውን ድንጋይ የሚያወጣም አብሮ ይመደባል። ጎጆና ወንጪ ድረስ ወሬው ደርሶ ሌሎችም ይህንኑ ያዙ። እኛ ቤተሰቦቻቸው በዚህ እንኮራለን።

አቶ ሞቱማ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመታቸው ዐረፉ፤ አንጀታችንንም አሳረሩት። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ወይዘሮ ጌጤነሽ መጥተው ከራስጌያቸው ያለውን ሬድዮ ዘጉ፤ ድንጋዩንም በገዛ እጃቸው አውጥተው ለአቶ ሞቱማ ልጅ ለኢትዮጵያ አስረከቡ።

በሙት ዓመታቸው ሬድዮው ይናገራል። ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ዝገት በማይደርስበት ስፍራ ያኑርልን።