አሥረኛው ስንኝ ከሐዋሳ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአስቻለው፤

ኩርፊያዬ እንዳለ ሆኖ፣ እንደምን ከርመሃል? ሐዋሳ ዝናቡ አባራ? ልጅህ ሊዲ ደህና ናት። እኔ ጉሮሮዬ ላይ ያበጠውን ነገር ሐሙስ ሊያወጡልኝ ነው። ሐኪሙ «ድምፅሽ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» ብሎኛል። ይኼን ከሊዲ ሰምተህ ነው ያንን መልእክት የላክህልኝ፦ «የእግዜር ተግሣጽ ነው። ይብቃሽ ስንዱዬ፣ ዘፈኑ ይብቃሽ።»

ወይ ጉድ! አራት ዓመት ዝም ብለህ ከርመህ ለቁጣ ሲሆን አፍህ ተፈታ? ስማኝማ። ጦርነቱ ወላጅ አሳጥቶን በልጅነታችን ኩባ ለትምህርት የተላክን ጊዜ፣ በዚያች ደሴት ብርቱካን ስንለቅም፣ ገበሬው ዶን ኤላዲዮ አይደሉም እንዴ አንተን ጊታር ያስያዙህ፣ እኔን የገጠሩን ዘፈን ያስተማሩኝ? እንባችን የደረቀው በዚያ ዘፈን ነው። እኔ የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ አይደለሁም።

አዲስ አበባ ተመልሰን «ይኼ ደግሞ የምን ዘፈን ነው?» ብለው ሲስቁብኝ አላቆምኩም። እዚህ ኮሎራዶ መጥተን ካፒቶል ሂል ሰፈር ባንዲት ክፍል ስንኖር፣ ጎረቤት ግድግዳ ሲደበድብብን «ከፍ አድርጊው!» ትለኝ የነበረው አንተ ነህ። ረሳኸው? ጌታን አገኘሁ ብለህ ጊታርህን ሸጥክ፣ እኛን እዚህ ትተህ ሐዋሳ ገባህ፤ ይሁን፣ ያንተ ነው። ጉሮሮዬ ግን የኔ ነው። ደግሞ እኔም እጸልያለሁ፤ እግዜር ላንተ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

ቅዳሜ ዘፈንኩ። ኩባ አብሮን የተማረው ስለሺ ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ በከፈተው ምግብ ቤት። ሊዲ መኪናውን ፓርክ እስክታደርግ ድረስ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሪስት አድርጊ» እያለች ስትለምነኝ ነበር። የዶን ኤላዲዮን ዘፈን ደንብ ታውቀዋለህ፤ ከታዳሚው አንዱ አሥረኛውን ስንኝ ይሰጣል፣ ዘፋኟ እዚያው ቆማ ዘጠኙን ገጥማ እሱ ላይ ትደርሳለች። ከተሰጣት ላይ አንዲት ቃል መለወጥ ነውር ነው። እኔ ግን ታዳሚውን አልጠየቅኩም። «ስንኙን ባሌ ከሐዋሳ ልኮልኛል» አልኩና በዶን ኤላዲዮ ዜማ ጀመርኩ፦

ጦርነት ወላጄን ነጥቆኝ ሲነጉድ፣
ባሕር ተሻግሬ ባዕድ ሲያሳድገኝ፣
ዜማ ነው እንደ እናት አቅፎ ያሳደረኝ፣
ዜማ ነው እንደ አባት ያሳየኝ መንገድ፤
በማን ቃል ደንግጬ ከደጁ ልሰደድ?
ባልም ተቆጥቶ አይበለኝ «ምን ነካሽ»፣
ሐኪምም አይበለኝ «ሊጠፋ ነው ድምፅሽ»፤
ድምፄን ያበጀልኝ እርሱ ፈጣሪዬ፣
እሱው ይምጣና ይበለኝ በጆሮዬ፦
«ይብቃሽ ስንዱዬ፣ ዘፈኑ ይብቃሽ።»

ቤቱ ባንድ እግሩ ቆመ! እዚያ ያሉት አንድ ሁለት ኩባውያን ቃሉ ባይገባቸውም ዜማውን አውቀው ጠረጴዛ መቱልኝ። ሊዲ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም። ቃልህንም አልለወጥኩብህም፣ «ስንዱዬ» ያልክባትን «ዬ» እንኳ።

እንግዲህ ተራው ያንተ ነው። ዶን ኤላዲዮ «ተገጥሞበት ዝም ያለ ተሸነፈ» ይሉን አልነበር? ስብከት እንዳትልክልኝ፤ ዘፍነህ መልስልኝ። ጊታር ከሌለህ ጠረጴዛ ምታ። ይኼን ወረቀት ሊዲ ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ስለምትልክልህ አልደረሰኝም አትበል።

እግዜር ደረትህን ከብርድ፣ ልብህን ከድርቀት ይጠብቅልኝ። ከሐሙስ በፊት ካልሆነልህ ከሐሙስ በኋላም ቢሆን መልስ። ያኔ የምመልስልህ ድምፅ ባይኖረኝ እንኳ፣ ጆሮ አለኝ።

እስካሁን ያልፈታሃት ሚስትህ፣
ስንዱ